ነጻ እንዲሆን የሚያስገድደው ማን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ሰው በተፈጥሮው ክፉ ከሆነ ጠንካራ መንግሥት ያስፈልገዋል ማለት አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ቸኩዬ ስለነበር አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በወጣትነቴ ሳይመለስ የቀረ ሌላ ጥያቄ ቀስቅሳብኛለች።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፖለቲካ ፍልስፍና የሚያስተምሩን ቁጥብ መምህር ነበሩ። መጻሕፍቱ ለሁላችንም ስለማይዳረሱ ምዕራፎቹን በስቴንስል አባዝተው ያድሉን ነበር፤ ቀለሙ ጣታችንን ያጠቁረው ስለነበር ማን እንዳነበበና ማን እንዳላነበበ በእጁ ይታወቃል። እንግሊዛውያኑን ፈላስፎች ሆብስንና ሎክን በግድ አዳመጥናቸው። ልባችን ያለው ሰልፉና በራሪ ወረቀቱ ላይ ነበር። የጄኔቫው ፈላስፋ ሩሶ ሲመጣ ግን ክፍሉ ነፍስ ዘራ። በ1755 (የፈላስፎቹን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተመው ስለ ሰዎች እኩል አለመሆን በሚናገር ድርሰቱ፣ መሬት አጥሮ «ይህ የእኔ ነው» ያለና የሚያምኑት የዋሆች ያገኘ የመጀመሪያው ሰው፣ እሱ ነው የማኅበረሰብ መሥራች ይላል። «መሬት ላራሹ» እያልን ጉሮሯችን ለተዘጋ ልጆች ይህን መስማት ምን እንደሆነ አስቡት። ከኋላ ወንበር አንዱ አጨበጨበ፤ ሁላችንም ተከተልነው።

መምህሩ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ጠመኔ አነሡና በ1762 ከወጣው ስለ ማኅበራዊ ውል ከሚናገረው መጽሐፉ አንድ ሐሳብ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ለጋራው ፈቃድ (ለሁሉም የሚበጀውን ለሚሻው የሕዝብ ፈቃድ) አልታዘዝም ያለ ሁሉ በመላው ማኅበር ይገደዳል፣ ይህም ነጻ እንዲሆን ይገደዳል ማለት ነው። «የሚያስገድደው ማን ነው? አስገዳጁ ሲሳሳትስ ማን ያርመዋል? መልሳችሁን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ኑ» ብለው ጠመኔውን ከእጃቸው አራገፉ።

የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አልመጣም። ትምህርቱ ተቋረጠ፣ አብዮቱ ፈነዳ፣ ከዚያም ለዘመቻ ወደ ገጠር ተላክን። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አዋጁን ለገበሬዎች ካነበቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ «እስቲ ድገመው» እያሉ አራት አምስት ጊዜ አስነበቡኝ። በዚያ ቀን ዛሬም አላፍርበትም፤ ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ ዘመኑን ሁሉ በጅምላ ሲረግሙ አልወድም። ግን ብዙም ሳይቆይ በሕዝብ ስም ሰው መንገድ ላይ ተገድሎ ሲያድር አየን። በክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያጨበጨበው ልጅ የቀበሌ ሹም ሆኖ ሌሎችን አሰረ፤ በኋላ ራሱም ታሰረ። መምህሩ አገር ለቀው ሄዱ፤ ወሬያቸውንም አልሰማሁም። የቤት ሥራውን የምመልስላቸው ሰው ማጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሩሶ በ1778 ሞተ፤ በፈረንሳይ አብዮት፣ በ1793 እና በ1794፣ በፓሪስ በስሙ እየማሉ ሰው የቀሉትን አላያቸውም። ከእነሱ መሪዎች አንዱ የነበረው ሮቤስፒዬር ያደንቀው ነበር። ለዚህ ሩሶን ተጠያቂ አላደርገውም፤ የፈላስፋ ሐሳብ በራሱ ይመዘን፣ የተከታዮቹም የራሱም ኑሮ አይጨመርበት ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ ስለ ልጆች አስተዳደግ ያንን የሚያህል መጽሐፍ የጻፈ ሰው አምስት ልጆቹን እንደተወለዱ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ መስጠቱን ባሰብኩ ቁጥር መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ሎክም ቢሆን ስለ ነጻነት እየጻፈ በባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበረው። እንግዲህ ደንቤን ራሴ አልጠበቅኩትም።

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። ሆብስ ሰውን እንዲያ የፈራው ከወንበሩ ላይ ሆኖ አይደለም። በ1642 እንግሊዝ እርስ በርሷ መዋጋት ጀመረች፤ በ1649 የገዛ ንጉሧን አንገት ቆረጠች። እሱ ፓሪስ በስደት ሆኖ ያንን ሲሰማ ቆይቶ በ1651 ሌዋታን የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መንግሥት በሌለበት የሰው ሕይወት ብቸኛ፣ ድሃ፣ አስከፊ፣ አውሬያዊና አጭር ነው ያለው ለዚህ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያርድ ያየ ሰው ይህን ፍርሃት አይንቅም። ከዚያ ግን ሆብስ ሥልጣኑን ሁሉ ለአንድ ገዢ አስረክቡ ይላል። ለእንዲህ ያለው ሐሳብ ሎክ የመለሰውን ልብ በሉ፤ ሰዎች ሸለምጥማጥና ቀበሮ እንዳይጎዳቸው እየተጠነቀቁ በአንበሳ መበላትን ደኅንነት ብለው የሚቆጥሩ ሞኞች ናቸው ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። ሎክ ራሱ ንጉሡን ሸሽቶ ሆላንድ ኖሯል፤ መጽሐፉንም በ1689 ያሳተመው ስሙን ሳይጽፍበት ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ሰው ክፉ ነው ብለሽ ከጀመርሽ እዚያ ላይ አትቁሚ። ገዢውም ሰው ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ማዲሰን በ1788 የአገሩን ሕገ መንግሥት ሲከላከል ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባላስፈለገ፣ ገዢዎቹም መላእክት ቢሆኑ ኖሮ በመንግሥት ላይ ቁጥጥር ባላስፈለገ ብሏል። አንቺ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር የያዝሽው።

የዛሬ ልጆች በስልክ ሁለት መስመር ጥቅስ አንብባችሁ ሆብስ አምባገነን፣ ሩሶ ዴሞክራት ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። (እኛም ከበራሪ ወረቀት የበለጠ አላነበብንም፤ ቢሆንም እናንተ መጽሐፉ በእጃችሁ አለ።) ያ አምባገነን የምትሉት ሆብስ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ብሎ የጻፈ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው የሚለውን ችሎት ላይ ባነበብኩ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ማንን እናንብብ ካላችሁኝ ፈረንሳዊውን ሞንቴስኪዩን ነው። በ1748 ስለ ሕጎች መንፈስ ያሳተመው ሥራ ውስጥ አሥራ አንደኛውን መጽሐፍ ክፈቱ፤ ሥልጣን የያዘ ሁሉ ገደብ እስኪያገኝ ድረስ ይገፋል፣ ስለዚህ ሥልጣንን ሥልጣን ይግታው የሚለው እዚያ ነው። ለመምህሬ ጥያቄ ካገኘሁት መልስ ሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። የእንግሊዝን መንግሥት ሥልጣኑ የተከፋፈለ አድርጎ ከነበረው በላይ አሳምሮ እንደሣለው አውቃለሁ፤ ሚኒስትሮቹ ሕግ አውጪው ፓርላማ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል በዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጠ እሱ ነው። በቦርዶ ከተማ የነበረውን የዳኝነት ሹመት ከአጎቱ ወርሶ በኋላ ሸጠው። ሹመት መሸጡንም በንጉሣዊ አገር ጥሩ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ንጉሡ ራሱ ከሚመርጣቸው ይልቅ ዕድል የሚያመጣቸው ይሻላሉ ይላል። ብዙ ዓመት ዳኛ ሆኜ ስሠራ ይህን ክርክር እንደጠላሁት ነው የኖርኩት፤ ማፍረስ ግን አልቻልኩም። እናንተ ሞክሩትና ጻፉልኝ።