የፖለቲካ ወንጀል፣ ሽብርና የመንግሥት ሥልጣን፦ ጠይቁኝ

ወንጀል ጥናት አስተምራለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡልኝን ጥያቄዎች የምችለውን ያህል እነሆ መለስኩ።

ጥያቄ (ሆጤ)፦ ጋሼ፣ ሽብርን ከተራ ግድያ ምን ለየው? ሟች ያው ሟች ነው።

መልስ፦ ለቤተሰቡ እውነትህን ነው። ሕጉ ግን ዓላማውን ያያል። የ2012ቱ የሽብር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1176 ድርጊቱ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማ ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ የተፈጸመ መሆኑን ይጠይቃል። በድንበር ጠብ ጎረቤቱ ቤት ላይ ቦምብ የጣለ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ በዚህ አዋጅ ግን አሸባሪ አይባልም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የፋብሪካ ሠራተኞች ነን። ሥራ ብናቆም በሽብር እንከሰሳለን?

መልስ፦ አዲሱ አዋጅ ከሙያ ወይም ከመሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ አድማን ከሽብር ትርጉም አውጥቶታል። የቀድሞው የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ነበር ልቅ የነበረው። ወረቀቱ ይህን ይላል፤ ጣቢያ ላይ የሚገጥማችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ (ሸዋበር)፦ ልጄን ከቤት ከወሰዱት ሦስተኛ ቀኑ። የት እንዳለ የሚነግረኝ ጠፋ።

መልስ፦ አብሽሪ እናቴ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አስገቢ፤ ዳኛው ያሰረው ክፍል ልጅሽን ይዞ እንዲቀርብ ያዛል። የወሰዱበትን ሰዓት፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የለበሱትን የደንብ ልብስ፣ ያዩ ጎረቤቶችን ዛሬውኑ አስጽፊ። «እኛ ጋ የለም» የሚል ጣቢያ ፊት የሚያቆምሽ ይኸው ነው። አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ የ48 ሰዓቱ መብት ሊታገድ ይችላል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በአስቸኳይ ጊዜም አይነካም፤ አንቀጽ 93 ነው የሚለው። ብዙ ሰው ይቺን አያውቃትም።

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ)፦ ሕግ አውጪው መንግሥት ሆኖ ሳለ ራሱ እንዴት ወንጀለኛ ይባላል?

መልስ፦ ጥሩ ነካኸኝ። አሜሪካዊው የወንጀል ጥናት ምሁር ዊልያም ቻምብሊስ በ1988 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ባደረገው ንግግር ባለሥልጣናት በሥራቸው ስም የሚፈጽሙትን ወንጀል የጥናቱ አካል አድርጉት አለ። ከእሱ በኋላ የመጡትን ተመራማሪዎች ይህ አላረካቸውም፤ መንግሥት ግፉን ሕጋዊ አድርጎ ቢያውጀውስ ብለው ሰብአዊ መብትን መለኪያ አደረጉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ወሎዬ ደግሞ ይህን ከመጽሐፍ አይማረውም። በ1965 እና 66 ረሃቡ ሕዝባችንን ሲፈጅ መንግሥት ደበቀው። ጥይት አልተተኮሰም፤ ዝም ተባለ እንጂ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን ሲጠይቅ፣ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ አንዱ ነበሩ። ያ ርሸና ራሱ ደግሞ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ሆነ። በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ነው። ክሱ የተመሠረተበት የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በተለየ በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸምንም ዘር ማጥፋት ይለዋል።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ «ታዝዤ ነው» ያለ ፖሊስስ?

መልስ፦ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ ይጠየቃል፤ የ1996ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 74። በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ከሆነ ደግሞ፣ ማሰቃየትም ሆነ አስገድዶ መሰወር፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) አያግደውም፣ ምሕረትም አይሸፍነውም። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን ሊከሰስ ይችላል።