ሁለት በርሜል አሊል አልኮሆል ያለ ሀዝማት ኢንዶርስመንት መጫን ይቻላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ለሌላውም እንዲገባ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ከሂዩስተን ወደ ኒው ጀርሲ ግማሽ ትሬይለር የውሻ ምግብ ይዘሃል። አንድ ብሮከር (የጭነት ደላላ) ደግሞ ፓሳዴና አካባቢ ካለ መጋዘን ሁለት በርሜል አሊል አልኮሆል የሚባል መርዛማ ኬሚካል ጨምርበት ብሎ ደህና ገንዘብ አቅርቦልሃል። ሲዲኤልህ (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድህ) ላይ ሀዝማት፣ ማለትም አደገኛ ዕቃ ለመጫን የሚሰጠው ተጨማሪ ፈቃድ (ኢንዶርስመንት)፣ የለም። ጓደኛህ «ከ1,001 ፓውንድ በታች ከሆነ ፕላካርድ (ትሬይለር ላይ የሚለጠፈው የአደጋ ምልክት) አይለጠፍም፣ ፕላካርድ ከሌለ ኢንዶርስመንትም አያስፈልግም» ብሎሃል፤ ከመለሱልህም ግማሾቹ «ልክ ነው ጫን» ብለውሃል።

አትጫን። ጓደኛህ የጠቀሰው ሕግ አለ፣ ግን ለዚህ ዕቃ አይሠራም።

ሰው የሚሳሳተው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። የአሜሪካ የፕላካርድ ሕግ ሁለት ሠንጠረዥ አለው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ሁለተኛውን ነው፦ ቀለም፣ ቲነር፣ አሲድ፣ ተራ ተቀጣጣይ ፈሳሽ። እነዚህ በበርሜልና በካርቶን ሲጫኑ ጠቅላላ ክብደታቸው 1,001 ፓውንድ እስኪደርስ ፕላካርድ አይጠየቅም። ሁለት በርሜል ቲነር ቢሆን ኖሮ ጓደኛህ ትክክል ነበር። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉት ግን ክብደት አይጠየቅላቸውም። አንድ ጠርሙስም ቢሆን ይለጠፋል። ፈንጂው፣ መርዛማው ጋዝ፣ ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠለው፣ እና ሲተነፈስ የሚገድለው ፈሳሽ እዚያ ናቸው። አሊል አልኮሆል ይህ የመጨረሻው ነው።

እንዴት ታውቃለህ? ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የጭነቱን ወረቀት) አስልክ። በአግባቡ የተሞላ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ዩኤን 1098 (የዕቃው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር)፣ አሊል አልኮሆል፣ 6.1 እና በቅንፍ 3፣ ፓኪንግ ግሩፕ አንድ (ከፍተኛው የአደጋ ደረጃ) ይላል። ከዚያ ብዙ ሾፌር ዓይኑን የማያሳርፍበት ጭራ አለ፦ «ቶክሲክ ኢንሃሌሽን ሀዛርድ (ሲተነፈስ የሚመርዝ)፣ ዞን ቢ»። ሁሉንም ነገር የሚወስነው ያ ጭራ ነው። 6.1 መርዝ ነው፣ በቅንፍ ያለው 3 ተቀጣጣይነቱ ነው፤ ዞኑ ደግሞ እንፋሎቱ በትንፋሽ ምን ያህል እንደሚገድል ይነግርሃል። ኤ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ቢ ይከተላል። ብሮከሩ በቴክስት የላከልህ «2 ድራም አልኮሆል» ብቻ ከሆነ ደግሞ ያ ራሱ መልስ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ በአጭር ስም አይጻፍም።

ፕላካርድ በማንኛውም መጠን ግዴታ ከሆነ ኢንዶርስመንቱም ግዴታ ነው። ነገሩ ግን በመንጃ ፈቃድህ አያበቃም፤ እዚህ ላይ ነው በራሳቸው አውቶሪቲ (የጭነት ድርጅት ፈቃድ) የሚሠሩ ልጆች የሚጎዱት። ፕላካርድ የሚጠይቅ ጭነት የሚይዝ ድርጅት፣ አንድ መኪና ያለው ኦነር ኦፕሬተርም ቢሆን፣ ፒኤችኤምኤስኤ (የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዝን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ዘንድ በየጊዜው መመዝገብ አለበት። ሲተነፈስ የሚመርዝ ዕቃ በማንኛውም መጠን ለመጫን በጽሑፍ የተዘጋጀ ሴኩሪቲ ፕላን ይጠየቃል፦ ማን ይነካዋል፣ የት ይታደራል፣ መንገድ ላይ እንዴት ይጠበቃል የሚለው። ሾፌሩ የሀዝማት ሥልጠና ወስዶ በየ3 ዓመቱ ማደስና ማስረጃው ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት። የራስህ አለቃ ከሆንክ ሠልጣኙም አሠልጣኙም ፋይል ያዡም አንተ ነህ። ኢንስፔክተሩ «ቀጣሪህን ጥራ» ሲል የሚመጣ ሌላ ሰው የለም።

ኢንሹራንሱንም አትርሳ። ለተራ ዕቃ የፌዴራሉ ዝቅተኛ 750,000 ዶላር ነው። በበርሜል ለሚሄድ እንዲህ ያለ ኬሚካል 1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከ3,500 ጋሎን በላይ በሚይዝ ታንክ ሲሆን 5 ሚሊዮን። ዕቃው ዞን ኤ ቢሆን፣ ለምሳሌ አክሮሊን፣ በማንኛውም መጠን 5 ሚሊዮን ነው። ብዙዎቻችን ብሮከሮች ስለሚጠይቁ 1 ሚሊዮን አለን፤ ግን ፖሊሲህን ገልጠህ አንብበው፣ ሀዝማት አይሸፍንም የሚል መስመር የተለመደ ነው።

አንዱ ወንድም «ሴፍቲ ፐርሚት የሚባልም አለ» ብሎ ጽፏል። አለ፣ ለድርጅቱ የሚሰጥ ተጨማሪ የፌዴራል ፈቃድ ነው፤ ግን ለዞን ቢ የሚጠየቀው አንዱ ዕቃ መያዣ ከ119 ጋሎን በላይ ሲይዝ ነው። 55 ጋሎን በርሜል አይነካውም። ለዞን ኤ ከ1 ሊትር በላይ በአንድ መያዣ ካለ ይጠየቃል። እግረ መንገዴን፣ አሊል አልኮሆልን በቶት፣ ማለትም በዚያ ባለ ብረት አጥር ነጭ ፕላስቲክ ታንክ፣ ልጫንልህ የሚል ካጋጠመህ ያለ ልዩ ፈቃድ በዚያ አይላክም። ከዚያ መጋዘን ቶሎ ውጣ።

አሁን ወደ ውሻው ምግብ። ይህን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። የመርዝ ፕላካርድ ወይም ሌብል ያለበት ዕቃ ሕጉ የሚፈቅደው ልዩ ማሸጊያ ካልተደረገለት በስተቀር ከሰውም ሆነ ከእንስሳ ምግብ ጋር በአንድ ትሬይለር አይጫንም። የውሻ ምግብ ምግብ ነው። ስለዚህ ነገ ሀዝማት ቢኖርህ እንኳን ይህ ሎድ እንዲሁ እንዳለ በዚህ ትሬይለር አይሄድም። በሾፌር ክፍልና በስሊፐር (ከኋላው ባለው መኝታ) ውስጥ ማስቀመጥም እንደዚሁ ክልክል ነው። አታስበውም ብዬ ነው፤ ግን ናሙና ጠርሙስ ከኋላ ወንበር ያደረገ ሰው አይቻለሁ።

ሂዩስተን ሺፕ ቻናል ዙሪያ ለዓመታት ኬሚካል ጭኛለሁ፤ ደህና ሺፐር (ዕቃ ላኪ) ጋ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ላሳይህ። በር ላይ ጋርዱ ከትራኩ ቁጥር በፊት ሲዲኤልህን ገልብጦ የሀዝማቱን ምልክት፣ ኤች የሚለውን፣ ይፈልጋል። ከሌለ በሩ አይከፈትም፣ ክርክር የለም። ዶኩ ላይ ጫኚዎቹ የጋዝ ጭንብል ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚሠሩት። በርሜሎቹ ላይ ሁለት ሌብል ታያለህ፦ የራስ ቅሉ ያለበት «ኢንሃሌሽን ሀዛርድ» እና ቀዩ የእሳት ምልክት። አንድ በርሜል ወደ 390 ፓውንድ ፈሳሽ ስለሚይዝ «አርኪው» (ከፈሰሰ ለመንግሥት ሪፖርት የሚደረግበት መጠን) የሚለውም ምልክት ይኖራል፤ የዚህ ዕቃ የሪፖርት ወሰን 100 ፓውንድ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማየው የክዳኑን ዙሪያ ነው። እርጥበት ካለ፣ ቀለሙ ከተላጠ፣ ወይም የማሸጊያው ቀለበት ከተነሳ አልፈርምም። ጫኚው ቢነጫነጭም ይነጫነጭ። አራት ፕላካርድ የሚሰጥህ ሺፐሩ ነው፣ ግዴታው ነው፤ ከትራክ ስቶፕ ግዛ የሚልህ ካለ ሕጉን አያውቅም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትሬይለሩ ላይ የሚለጠፈው የመርዙ ፕላካርድ ብቻ ነው። ተቀጣጣይነቱ ሁለተኛ አደጋ ስለሆነ ቀዩን ፕላካርድ ሕጉ አያስገድድም። ጭነቱ በአንድ ቦታ 1,000 ኪሎ ሲሞላ የዩኤን ቁጥሩ በአራቱም ጎን ይጻፋል፤ ሁለት በርሜል እዚያ ስለማይደርስ ቁጥሩም አይጻፍም። ስለዚህ ከውጭ ለሚያይ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በእሳት የሚያያዝ ዕቃ እንዳለህ የሚነግረው ወረቀትህ ነው። የዚህ ፈሳሽ እንፋሎት በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ብልጭታ ካገኘ ይያያዛል፤ ሂዩስተን በበጋ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ወረቀቱን ቀበቶ እንዳሰርክ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ወይም በር ኪስ ውስጥ አድርግ፤ ስትወርድ በር ኪሱ ውስጥ ወይም ወንበርህ ላይ ተወው። ስኬል ቤት (መንገድ ዳር ያለው የሚዛን ጣቢያ) ያለ ኢንስፔክተር መጀመሪያ እጁን የሚሰደው እዚያ ነው።

አገር ቤት በጅቡቲ መንገድ ቦቴ የነዳችሁ እሳቱን ትፈራላችሁ፤ ልክ ነው። እዚህ ግን ቀድሞ የሚደርስብህ ትንፋሹ ነው። ሽታው ሰናፍጭ ሲበዛ አፍንጫ ውስጥ እንደሚወጣው ነው፤ ከሸተተህ ደግሞ እየተነፈስከው ነው ማለት ነው። በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደው 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ) ብቻ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ በቆዳም ይገባል። ሽታ ከመጣ ትሬይለሩን ከፍተህ «የቱ ነው የፈሰሰው» አትበል። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሄደህ ራቅ፣ 911 ደውል፣ የዩኤን ቁጥሩን ንገራቸው። ብርቱካናማው የአደጋ ጊዜ መመሪያ መጽሐፍ (ኢአርጂ) ላይ ጋይድ 131 ነው፤ ቁጥሩ በአረንጓዴ ስለተቀለመ እሳት ከሌለ ርቀቱን አረንጓዴ ገጾቹ ላይ ታገኛለህ። 

ስለ መንገድ። የፌዴራሉ ሕግ ሰው ከበዛበት ሰፈር፣ ከታነልና ከጠባብ መንገድ ራቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ግዛትና ከተማ የራሱ አለው። ለኒው ጀርሲ በሀይዌይ 81 ወጥቶ በ78 መግባት ይሻላል እላለሁ። በ95 እመጣለሁ የምትሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ልጆች ባልቲሞርን አስቡ፦ ሁለቱ ታነሎች ይህን አያሳልፉም። ድሮ በኪ ብሪጅ (የባልቲሞሩ ድልድይ) ይታለፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ከወደቀ ወዲህ በ695 በምዕራቡ በኩል ዞሮ መሄድ ነው የቀረው። ጂፒኤሱ አቋራጭ ሲያሳይህ አትከተለው። ኢሊኖይ ቴውቶፖሊስ አጠገብ እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2023 የተገለበጠው የአሞኒያ ታንከር 5 ሰው የገደለው ሀይዌይ 70 ላይ በደረሰ ሌላ አደጋ ምክንያት ትራፊኩ ወደ ጠባቡ 40 ተመልሶ ሳለ ነው። ዲቱር ሲመጣብኝ ደውዬ ሳልጠይቅ አልገባም።

መንገድ ዳር ማቆም እንደ ተራ ሎድ አይደለም። ሕዝብ መንገድ ላይ ከሆንክ መኪናውን ነቅተህ መጠበቅ አለብህ፤ ስሊፐር ውስጥ ተኝተህ አልጠበቅክም። ከወረድክ መኪናውን እያየህ በ100 ጫማ ውስጥ መሆን አለብህ። ትራክ ስቶፕ ውስጥ መተኛትን ሕጉ አይከለክልም፣ የድርጅቱ ሴኩሪቲ ፕላን ግን ሊከለክል ይችላል። ከሚነድ እሳት 300 ጫማ ራቅ። ባቡር ሀዲድ ላይ ሁልጊዜ ትቆማለህ፣ ከ15 እስከ 50 ጫማ ባለው ውስጥ። አንድ ዲስፓቸር (ለሾፌር ሥራ የሚመድብ) በአንድ ወቅት «ስኬሉን እስክታልፍ ፕላካርዱን ገልብጠው» ብሎኝ ያውቃል። ሥራውን የለቀቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። የሀዝማት ቅጣት ጣሪያው ለአንድ ጥሰት ከ100,000 ዶላር ያልፋል፤ የሚከፍለው ደግሞ ዲስፓቸሩ አይደለም።

ለብሮከሩ «ኢንሃሌሽን ሀዛርድ ነው፣ ምግብም ጭኛለሁ፣ አልችልም» ብለህ በጽሑፍ መልስለት። ስልክ ላይ ብቻ አትተወው፤ በኋላ «ተስማምቶ ቀረ» ሊልህ ይችላል።

በዚህ መስመር መቀጠል ከፈለግክ ኢንዶርስመንቱን አሁኑኑ ጀምር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ወዲህ በተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ የኢኤልዲቲ (የጀማሪ ሾፌር ሥልጠና) ቲዎሪ ሳትጨርስ ለፈተና አትቀመጥም። ቀጥሎ የዲኤምቪ (የግዛቱ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ፈተና፣ የቲኤስኤ (የፌዴራል የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት) አሻራና ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ዜግነትና ግሪን ካርድ ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ ስደተኛና አሳይለም ያገኘ ሰውም በወረቀቱ ማመልከት ይችላል። ኖን ዶሚሳይልድ ሲዲኤል (ዜግነትም ግሪን ካርድም ለሌለው የሚሰጠው) ያላችሁ ግን ከ2025 ወዲህ ሕጉ ብዙ ስለተነካካ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የግዛታችሁን ዲኤምቪ ጠይቁ። ማጣሪያው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የሚያድስም ሰው ቢያንስ 60 ቀን ቀድሞ ይጀምር። ታንክም ልነዳ እችላለሁ ካልክ የኤን ፈተናን አብረህ ውሰደው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ኤክስ ይሆንልሃል፣ ሺፕ ቻናል ላይ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው።