«ተቀይሯል» ወይስ «ተመዝግቧል»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ነው። ለሠራተኞቻችን ኮምፒውተር አጭር የዊንዶውስ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ስክሪፕቱ የዳታቤዙን አዲስ አድራሻ «ሴትኤክስ» በሚባለው ትዕዛዝ ያስገባል፤ ከዚያ ጽሑፍ ስክሪን ላይ በሚያወጣው ትዕዛዝ፣ በ«ኤኮ»፣ «ቋሚ ተለዋዋጩ ተቀይሯል» የሚል መልእክት ያወጣል። ሰዎቹ ግን እዚያው ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ላይ ሲያዩት የሚመጣላቸው የድሮው አድራሻ ነው። «የታለ የተቀየረው?» እያሉ ስልኩን ያጨናንቁብኛል። አንድ ባልደረባዬ «ኮድህ ደህና ነው፣ አማርኛህን አስተካክል» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ ኤኮ «ያትማል» ነው «ያሳያል» የሚባለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። ስክሪፕቱ የታዘዘውን ሠርቷል። የዋሸው «ተቀይሯል» ነው።

ቃሉን ፈታ አድርገን እንየው። «ተቀይሯል» ውስጥ «ተቀይሮ» እና «አለ» ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሰሚው የሚረዳው ድርጊቱ ማለቁን ብቻ አይደለም፤ ውጤቱ አሁንም እንዳለ ጭምር ነው። «ትናንት እንግዶች መጡ» ቢሉኝ ሳሎኑን ዞሬ አላይም። «እንግዶች መጥተዋል» ካሉኝ ግን ዞሬ አያለሁ፤ ማንም ከሌለ ደግሞ «የታሉ?» እላለሁ። ሠራተኞችዎም ያሉት ይህንኑ ነው።

ሴትኤክስ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ያውቁታል። አዲሱን ነገር ዊንዶውስ ማስተካከያዎቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ ሬጂስትሪ ውስጥ ይጽፋል፤ በተጠቃሚው ስም፣ ወይም «ስላሽ ኤም» ሲጨመርበት ለመላው ማሽን። ሁለተኛው የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋል። ቀድሞ የተከፈተው ጥቁር መስኮት ግን ሲነሳ የያዘውን ቅጂ ይዞ ይቀጥላል፣ ሬጂስትሪውን ተመልሶ አያይም። ከዚያው መስኮት ውስጥ ሌላ መስኮት ቢያስነሱ እንኳ አዲሱ የወላጁን የድሮ ቅጂ ነው የሚወርሰው። አዲሱ አድራሻ የሚገኘው ከስታርት ሜኑ በሚከፈት መስኮት ነው። ኤክስ የሌለው ትዕዛዝ፣ «ሴት»፣ ተቃራኒው ነው፤ እዚያው በዚያው ይቀይራል፣ መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል። ለእሱ «ተቀይሯል» እንከን የለውም።

የሚገርመው ሴትኤክስ ራሱ ሥራውን ሲጨርስ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው መልስ «የተሰጠው ቫልዩ ተቀምጧል» የሚል ነው። «ተቀይሯል» አይልም። ከተባለው በላይ የሄዱት እርስዎ ነዎት።

የሕግ አማርኛችን ይህን ልዩነት ከሁላችን በተሻለ ይጠብቀዋል። የአዋጆችን መጨረሻ ይመልከቱ፤ «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ይላል። መጽደቁ አንድ ነገር ነው፣ መጽናቱ ሌላ። የእርስዎም መልእክት ሁለቱን ይለያቸው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«አዲሱ የዳታቤዝ አድራሻ ተመዝግቧል። የሚሠራው ግን ከአሁን በኋላ በሚከፍቱት መስኮት ነው። እባክዎ ይህን ዘግተው ከስታርት ሜኑ እንደገና ይክፈቱ።»

«ዝጋ» አላልኩም። ስክሪፕቱ ፊቱ የተቀመጠችው ሴት ትሁን ወንድ፣ አለቃ ይሁን ጀማሪ አያውቅም፤ በ«እርስዎ» መሄድ ከብዙ ጣጣ ያድናል። «ይህ ሁሉ ዝርዝር ይቅርብኝ» ካሉ ደግሞ ሁለቱንም ትዕዛዞች አከታትለው ያስገቡ፣ ያለ ኤክስም በኤክስም። ያኔ እዚያው መስኮት ላይ «ተቀይሯል» ቢሉ ማንም አይደውልልዎትም። ቀድመው የተከፈቱ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ተዘግተው እስኪከፈቱ ከድሮው ጋር ናቸው።

አሁን ወደ «ቋሚ ተለዋዋጭ»። ፕሮግራም የጻፈ ሰው ይህን ሲያነብ ግራ ይጋባል። «ተለዋዋጭ» ቫሪያብል ነው፣ በውስጡ ያለው የሚለወጥ ስም ያለው ማስቀመጫ፤ «ቋሚ» ደግሞ በዚያው ሙያ ጭራሽ የማይለወጠውን ነው የሚሉበት። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይጣላሉ። እርስዎ ማለት የፈለጉት መስኮቱ ሲዘጋም፣ ማሽኑ ሲጠፋም የሚቆይ ለማለት ነው፤ ታዲያ «የማይጠፋ» ይበሉት። ለተራው ሠራተኛ ግን «አድራሻው» ይበቃዋል። ሴትኤክስ የሚጽፈውን «የአካባቢ ተለዋዋጭ» የሚሉም አሉ። እኔ ስሰማው ስለ ደን ጭፍጨፋ ሊነገረኝ ይመስለኛል። በሙያተኞች መካከል «ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል» ቢባል አማርኛ አይሞትም። «ሴት አድርጌዋለሁ» የሚለውን የቢሮ አነጋገር ግን ጽሑፍ ላይ ባያስገቡት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ኤኮን በተመለከተ «ያትማል» አይበሉ። በአማርኛ ማተም ወረቀትና ማኅተም ይፈልጋል። «አትም» የተባለ ሠራተኛ ወደ ፕሪንተሩ ቢሄድ አይፈረድበትም። «ስክሪን ላይ ያሳያል» ጥሩ ነው። ወደ ሌላው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መስጫ፣ ወደ ፓወርሼል ከገቡ ግን «ያሳያል» እና «ያወጣል» እንዳይደባለቁብዎት። «ራይት ሆስት» የሚባለው ትዕዛዝ ያሳያል፤ የእሱን ውጤት ቫሪያብል ውስጥ ላስቀምጥ ቢሉ ባዶ ይሆንብዎታል። «ራይት አውትፑት» ግን ያወጣል፤ ያወጣውን የሚቀበለው ከሌለ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ የሚቀበለው ካለ ለእሱ ይሄዳል። ማኑዋል ሲጽፉ ሁለቱንም «ያሳያል» ካሏቸው አንባቢዎ ውጤቱ የት እንደገባ ሲፈልግ ይውላል።

አንድ ነገር ልጨምር። መልእክትዎ በአንዳንድ ማሽን ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። የባች ፋይሉን፣ ማለትም ስክሪፕቱ የተጻፈበትን ፋይል፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ያስቀምጡ፣ መጀመሪያው ላይ «ሲ ኤች ሲ ፒ 65001» የሚለውን ትዕዛዝ ያስገቡ። የድሮው ጥቁር መስኮት ይህም ተደርጎ ፊደላችንን ላያወጣ ይችላል፤ ዊንዶውስ ተርሚናል ግን ያሳየዋል። ለፓወርሼል 5.1 ከሆነ ፋይሉን «ቦም» (መጀመሪያው ላይ የሚገባ መለያ ምልክት) ያለው ዩቲኤፍ 8 አድርገው ያስቀምጡት፤ ያለዚያ «ተመዝግቧል» ያሉት ቃል ማንም የማያነበው የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል።