ላፕቶፑ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ቴሌግራሙስ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ 11ኛ ክፍል ናት። የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ላፕቶፕ ያውሳል። ለጥገና ስትሰጣቸው የአይሲቲ ባለሙያው ቴሌግራሟን ከፍቶ ከጓደኞቿ ጋር ስለ አንድ መምህር የተጻጻፈችውን አተመ። ጽሑፉ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ተነበበ፤ ልጄም ለሁለት ሳምንት ታገደች። መክሰስ እችላለሁ? ላፕቶፑን ሰኞ መልሱ ተብለናል፤ ሌላ ነገር እንዳያገኙባት ቤት ውስጥ አጽድተነዋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ሕጉም ባዶ እጅዎን አይተውዎትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ የሰው ዳታ ውስጥ መግባትን ያስቀጣል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ የራሱን ላፕቶፕ ቢጠግን፣ ቫይረስ ቢፈትሽ፣ የተጫነውን ፕሮግራም ቢያይ መብቱ ነው። የልጅዎ የቴሌግራም አካውንት ግን የዕቃው አካል አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ በመጨረሻ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረጉት ነው። ላፕቶፑን ፎርማት አድርጋችሁታል ማለት ነው? ይህን ስንቱ ባለጉዳይ አድርጎት ይመጣል መሰለዎት! ልጅን ለማዳን ብሎ ማስረጃዋን ማጥፋት። አስቡት፤ ባለሙያው አካውንቱን በስንት ሰዓት እንደከፈተ፣ ምን እንደነካ የሚናገረው ያው ላፕቶፕ ነበር። ነገ ትምህርት ቤቱ «መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ አገኘነው፤ አልፈለግንም፣ አልገባንም» ቢል በምን ይመልሱለታል? ይባስ ብሎ ንብረቱ የእነሱ ነው። ውስጡ የነበረ የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ወይም ፋይል ከጠፋ ከሳሽ ሊሆኑ የነበሩት ሰውዬ ተከሳሽ ይሆናሉ። ልጅዎ አካለ መጠን ስላልደረሰች ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 መሠረት እሷ ላደረሰችው ጉዳት አባት ይጠየቃል።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ላፕቶፑን አትንኩት። አትክፈቱት፣ ለሰፈር ጠጋኝም አትስጡት። የተሰረዘ ነገር አንዳንዴ በባለሙያ ይመለሳል፤ በላዩ አዲስ ነገር በተጫነ ቁጥር ግን ተስፋው ይመነምናል። ሰኞ ስትመልሱ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ የላፕቶፑ መለያ ቁጥርና ቀኑ ይጻፍበት። ከዚያ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።

የልጅቷ ስልክ ላይም አንድ ነገር ይቀራል። ቴሌግራም በሴቲንጉ ውስጥ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ላፕቶፑ እዚያ ካለ መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በላፕቶፑ ላይ የተከፈተውን አካውንት ከስልኩ ዝጉት። ቀድማችሁ ከዘጋችሁት ከዝርዝሩ ይወጣል። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ግን ይቅር፤ የመምህሩን ስም አንስታችሁ ሌላ ክስ አትጥሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ አልነገሩኝም። አንደኛ፣ ልጅቷ ምን ጻፈች? ቀልድና ሐሜት ከሆነ አንድ ነገር ነው። ማስፈራራት ወይም ስም ማጥፋት ካለበት ያው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ወደ እሷም ይዞራል። ለጠበቃዎ ሳያሳምሩ ይንገሩት። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን ስትረከቡ የፈረማችሁት ቅጽ የታለ? «ትምህርት ቤቱ በማንኛውም ጊዜ መፈተሽ ይችላል» ይላል? ፈቃድ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ኮፒ ከሌለዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ማኅተም ያስደርጉበት። የእገዳውን ደብዳቤና የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤም እንዲሁ።

ክሱን ለመጨረሻ ያቆዩት። ሁለት ሳምንት ከትምህርት የቀረችው ልጅ ፍርድ ቤት እስኪወስን አትጠብቅም። እገዳው እንዲነሳ መጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ፣ ካልሆነ ለከተማው ትምህርት መምሪያ በጽሑፍ አቤት ይበሉ። የካሳ ክስ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክሱ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ የወንጀል አቤቱታ ግን ከዚያ በጣም ሊያጥር ስለሚችል ቀኑን ጠበቃ ያስላልዎ። የጠበቃ ክፍያ ከከበደዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሰነዶቹን ይዘው ይሂዱ፤ ቅጹ ላይ የፈረመችው ልጅቷ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ያንን ይንገሯቸው፤ የፈቃዱን ክርክር ሊለውጠው ይችላል።