ሌሊቱን የሚበላው ስልክ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ቲክቶክ እከፍትና «አንድ ብቻ» ስል ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ደግሞ ገና ሳልነሣ የቴሌግራም የዜና ቻናሎችን አያለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ልቤን ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል። ቲክቶክን ሁለት ጊዜ አጥፍቼው በሦስተኛው ቀን መልሼ ጫንኩት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ በራስሽ ላይ አትፍረጂ። ቪዲዮው ማለቂያ የለውም፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም አታውቂውም። አብዛኛው አሰልቺ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ያስቅሻል። ጣትሽን የሚያስቀጥለው ያ «ምናልባት ቀጣዩ» ነው፤ ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው «የዛሬው ይወጣልኝ ይሆናል» እንደሚለው ማለት ነው።

አፑን ማጥፋቱ ያልሠራልሽ ሰዓቱ ባዶውን ስለቀረ ነው፤ መልሶ መጫንም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ የምንመክርሽ መቀነስን ነው። በ2018 የታተመ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 143 ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዱን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ የተጠቀሙት ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቸኝነታቸውና ድብርታቸው ቀንሷል።

ከአልጋው ጀምሪ። ቻርጀሩን ከራስጌሽ ንቀይና ሌላ ክፍል ውስጥ ሰኪው፤ ቤትሽ አንድ ክፍል ከሆነ በሩ አጠገብ፣ ተነሥተሽ ካልሄድሽ እጅሽ የማይደርስበት ቦታ። «አላርሙስ?» ትያለሽ፤ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። አላርም ለማጥፋት የተነሣ ስልክ ነው ሳይታወቅ ቴሌግራም የሚከፍተው።

የጊዜ ገደብ ስታበጂ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ባለው የአጠቃቀም መቆጣጠሪያ፣ በ«ዲጂታል ዌልቢይንግ»፣ ለቲክቶክ 45 ደቂቃ ብትሰጪው፣ ሲያልቅ አፑ ይዘጋል። ቆጠራው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል! አንቺ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና ነቅተሻል፤ ስለዚህ ገደቡ ብቻውን አይጠቅምሽም። እዚያው ያለውን «ቤድታይም ሞድ» ከማታው 3 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አድርጊው፤ ማያው ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ጥሪና መልእክትም ድምፅ አያሰማም። ስልክሽ አይፎን ከሆነ ገደቡን በ«ስክሪን ታይም» አበጂና የሚከፍተውን የይለፍ ቁጥር እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ታስገባልሽ፤ አንቺ አትወቂው።

ለቴሌግራም፦ የምታምኛቸውን ሁለት ቻናሎች ብቻ አስቀሪ። የቀሩትን መጀመሪያ ሚውት አድርጊ (ድምፃቸውን አጥፊ)፣ ከዚያ አርካይቭ (ከዋናው ዝርዝር ደብቂያቸው)። ሚውት ሳታደርጊ አርካይቭ ካደረግሻቸው አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር ተመልሰው ላይ ይወጣሉ። ዜናውን ከምሳ በኋላና ከሥራ ስትወጪ እይ፤ ቁርስ ሳትበዪ አትክፈቺው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጅሽ ስልኩን ይፈልጋል፤ ይህ ያለ ነው። ለዚያች ሰዓት ሬዲዮ፣ የሚነበብ ነገር፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር ወግ ቀድመሽ አዘጋጂ። ስልኩን ቀንሰሽም ፍርሃቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ምክንያቱ ስልኩ ብቻ ላይሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አንድ ቀንም አትጠብቂ፤ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ቲክቶክ ላይ ነው የምትውለው። ስልኩን ልቀማት?

መልስ፦ እናታችን፣ መቀማቱ በጓደኛ ስልክ ተደብቃ እንድታይ ያደርጋታል። በመጀመሪያ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አካውንቱ ላይ የተመዘገበውን የትውልድ ዘመን እዩ። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቲክቶክ አካውንቱን ከመነሻው ለሕዝብ ዝግ ያደርገዋል፣ የግል መልእክትም አይፈቅድም፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላሉት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ አለ። ልጅዎ «20 ዓመቴ ነው» ብላ ተመዝግባ ከሆነ ግን አንዱም አይሠራላትም። ዕድሜው ከተስተካከለ በኋላ በእርስዎ ስልክ የራስዎን አካውንት ከፍተው በ«ፋሚሊ ፔሪንግ» ከእርሷ ጋር ያገናኙት፤ 60 ደቂቃው ሲያልቅ የሚያስቀጥለውን የይለፍ ቁጥር እርስዎ ይይዙታል።