መልስ፦ አዲስ ቦይለር ወይስ የሙቀት ፓምፕ?

ያረጀውን የጋዝ ቦይለር (በጋዝ ውሃ አሙቆ ቤቱን የሚያሞቀውን መሣሪያ) በአዲስ ቦይለር መተካት ወይስ ወደ ሙቀት ፓምፕ መሸጋገር እንደሚሻል ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ቀዳሚው ሥራ ቤቱ ሙቀቱን በየት በኩል እንደሚያጣ ማወቅ ነው። ነፋስ በበረታበት ቀን የእጅዎን ጀርባ በውሃ አርሰው በመስኮቶቹ ጠርዝና በበሩ ሥር ቀስ ብለው ያሳልፉት፤ ቅዝቃዜ የሚሰማዎት ስንጥቅ ሁሉ መደፈን ይኖርበታል። ሙቀት የማያባክን ቤት አነስ ያለ ማሞቂያ ይበቃዋል።

ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ብቻ ሲሰጥ፣ የሙቀት ፓምፕ ግን በውጭው አየር ወይም በመሬት ውስጥ ያለውን ሙቀት ስቦ ስለሚያስገባ በዚያው ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል። ይህ ብልጫ የሚገኘው ግን ወደ ራዲያተሮቹ (ሙቅ ውሃ ወደሚዞርባቸው የክፍል ማሞቂያዎች) የሚሄደው ውሃ በጣም ሳይግል ነው። ስለዚህ ብርዱ በጠናበት ሰሞን አሁን ባለው ቦይለር ላይ የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ብቻ (የመታጠቢያውን ሳይነኩ) ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ አድርገው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት። ክፍሎቹ በበቂ ሁኔታ ከሞቁ ያለ ብዙ ማመንታት ፓምፑን እመርጥልዎታለሁ፤ ካልሞቁ ግን የሰፋፊ ራዲያተሮች ወይም የወለል ማሞቂያ ወጪ አብሮ ይታሰብ። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ ከጋዙ ከ3 እጥፍ በላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ የወር ክፍያዎ ላይቀንስ ይችላል።

በጋዝ ከቀጠሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እባክዎን ያስገጥሙ፤ ይህ ከቦይለሩ ሊወጣ የሚችል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም።