ጥያቄና መልስ፦ ትንንሽ ልጆቻችን፣ ጭንቀታቸውና የአሜሪካ ትምህርት ቤት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ነኝ። ከኬጂ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን አያለሁ። ከሐበሻ ወላጆች የመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ የመድኃኒት ጥያቄ አልነካም።

ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣን አራት ወራችን ነው። ቤት አፏ አያርፍም፣ ክፍል ውስጥ ግን ትንፍሽ አትልም። መምህሯ ችግር ሳይኖርባት አይቀርም አለችኝ።

አይዞሽ እህቴ። አዲስ ቋንቋ የሚለምድ ልጅ መጀመሪያ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ሳምንታት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ወራት። አፉ ዝም ቢልም ጆሮው እየሠራ ነው።

ዋናው ጥያቄ በአማርኛስ ትናገራለች ወይ ነው። ከሐበሻ ልጆች ጋር ስትጫወት ታወራለች? ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች? አዎ ከሆነ ይህን ለመምህሯ ንገሪያት። እሷ የምታውቀው ክፍል ውስጥ ያለችውን ልጅ ብቻ ነው። ከቤት ውጭ በአማርኛም የማትናገር ከሆነ ግን ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ሰሌክቲቭ ሚውቲዝም የሚባል የጭንቀት ዓይነት አለ፤ ቶሎ ከተያዘ ይሻሻላል።

ለልዩ ትምህርት ድጋፍ ምርመራ ይደረግላት ካሉ፣ ያለ ወላጅ ፊርማ አይጀመርም። እስከተቻለ ድረስም ልጅቷ በምትችለው ቋንቋ እንዲሆን የፌዴራሉ ሕግ ያዛል። በእንግሊዝኛ ብቻ ፈትነው «ወደኋላ ቀርታለች» ቢሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበይ። እንግዳ ፊት ደግሞ «ተናገሪ እንጂ!» እያልሽ አታስጨንቂያት።

ስለ ታናሽ ወንድሙ በሚደረግ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ የ10 ዓመት ልጄ ያስተረጉምልኛል። ችግር አለው?

አለው። የታናሽ ወንድሙን ጭንቀት አንድ ሕፃን በሁለት ቋንቋ ተሸክሞ መዞር የለበትም። በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቀደም ብለህ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለህ በኢሜይል ጻፍ። አስተርጓሚው የሰፈር ሰው ሆኖ ገመናዬ ይወጣል ብለህ ከሰጋህ፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ጠይቅ። አይታዘቡህም፣ ብዙ ሰው ይጠይቃል።

በዐቢይ ጾም ልጄ ምሳውን ሳይነካ ሲመለስ ካውንስለሯ ደወለችልኝ። «የምግብ ችግር አለበት?» ስትለኝ ተናደድኩ።

ሥራዋን ነው የሠራችው። ጾም መሆኑን ማን ነገራት? ሁዳዴ ሲገባ አጭር መልእክት ጻፊላት፦ 55 ቀን ነው፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም፣ ይህን ይህን ግን ይበላል። ልጆቻቸው ረመዳን የሚጾሙ ወላጆችም እንዲሁ ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ትንሽ ልጅ ክፍል ውስጥ ራሱን እያዞረው ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ንገሪ። ከፋሲካ በኋላም ካልበላ ያቺን ካውንስለር አንቺው ደውይላት።

ልጄን ደሴ እናቴ ጋ ትቼው መጥቼ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ አመጣሁት፣ አሁን 8 ዓመቱ ነው። በስሜ ይጠራኛል። ትምህርት ቤት ልጆች ይመታል። ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። ያን ሁሉ ለፍቼ!

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ አንጀቴንም ይበላኛል። ያሳለፍሽው ቀላል አይደለም፣ ሁለት ሥራ እየሠራሽ ይሆናል ያመጣሽው። ልጁ ግን እናት ብሎ የሚያውቃት ያሳደገችውን ነው። አንቺ ተገናኘን ስትይ እሱ ተለያየን ይላል።

ትምህርት ቤቱ ይህን አያውቅም። ፋይሉ ላይ «ከእናቱ ጋር ይኖራል» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ስለዚህ የሚያዩት ተደባዳቢ ልጅ ነው፣ የሚሰጡትም ቅጣት ነው። ታሪኩን ለካውንስለሩ ንገሪ። ብትፈልጊ በአስተርጓሚ፣ ልጁ በሌለበት።

ብዙ እናቶች «እንዲረሳት» ብለው የአያትየውን ስልክ ይቀንሳሉ። የባሰ ያደርገዋል። ቀንና ሰዓት ቁረጡና በቪዲዮ ያግኛት። «እማዬ በለኝ» ብለሽም አታስገድጂው፤ ሲመጣ ይመጣል። በሽንቱ ማንም አይሳቅበት፣ ለሐኪሙ ግን ይነገር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ከሁለት ከሦስት ልጆች ጋር የሚገናኝበት አነስተኛ ቡድን ካለ ይግባበት። ብዙ ጊዜ የሚጫወቱና የሚስሉ ይመስላል። «ሊጫወት ነው እንዴ ከሒሳብ የሚያስወጡት?» ያለኝ አባት አለ። አዎ! የ8 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ሆዱን አይዘረግፍም። የሚነግረን በአሻንጉሊትና በቀለም ነው።

አባቴ አገር ቤት አረፈ። ለልጃችን አልነገርነውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ይላል።

አንድ ነገር እንዳለ ገብቶታል። ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል፣ እናንተ ጥቁር ለብሳችኋል። ምን እንደሆነ ግን ስላልተነገረው ራሱ ይፈጥራል፤ በዚህ ዕድሜ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» የሚሉ ልጆች አሉ።

እኛ መርዶ በዘዴ እንናገራለን። ለልጁም በዚያው ዘዴ ይነገረው። የሚወደው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ቀኑ ትምህርት የሌለበት ይሁን። «ሞቷል» በሉት። «ተኝቷል» አትበሉ፣ ከዚያ በኋላ መተኛት የሚፈሩ ልጆች አውቃለሁ። ለመምህሩም ንገሩ። ለቅሶ ቀናት እንደሚወስድ፣ አርባ የሚባል ቀን እንዳለ ከእናንተ ካልሰማ ከየት ያውቃል? የሆድ ሕመሙ ካልተወው ደግሞ ሐኪም ይየው።

ባለቤቴ ጠበል ይበቃዋል ይላል፣ እኔ ቴራፒ (የሥነ ልቦና ሕክምና) እላለሁ።

ምን አጣላችሁ? ሁለቱም ይሁን። እኔ የምቃወመው ልጁን «ሰይጣን አለብህ»፣ «ቡዳ በልቶህ ነው» ማለትን ነው። ልጅ የተባለውን ያምናል፣ ማታም ከዚያ ጋር ይተኛል። ጠበል እንደምትሄዱ ለቴራፒስቱ በግልጽ ንገሩ። በእምነታችሁ ከቀለደ ሌላ ቴራፒስት ፈልጉ።

ተናድጄ ቆንጥጬዋለሁ። ለካውንስለር ቢናገርስ?

እውነቱን ልንገርሽ። መምህራንም እኛም ልጅ ተጎድቷል ብለን ከጠረጠርን ሪፖርት የማድረግ የሕግ ግዴታ አለብን። ማስረጃ አንጠብቅም፣ ምርጫም የለንም። ቀበቶ፣ ሰንበር፣ በርበሬ ማጠን ከሆነ «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ማለት አያዋጣም። ሪፖርት የተደረገ ሁሉ ግን ልጁን ይነጠቃል ማለት አይደለም። «እንዳትናገር» ብለሽ ምስጢር አታሸክሚው። ሲያናድድሽ ምን ላድርግ ብለሽ እኛኑ ጠይቂን፣ ለዚህም አለን።

ወረቀታችን ገና ነው። ካውንስለር ማናገር ያስፈራል።

የ1982 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወረቀት የሌለው ልጅም የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማር ይፈቅዳል። እኔም ስለ ወረቀት አልጠይቅም፣ ለሥራዬ አያስፈልገኝም።

ከማን ልጀምር?

ከክፍሉ መምህር። ያየኸውን በሁለት መስመር ጻፍና ካውንስለሩን እንድታገኝ ጠይቅ። የሙያ ማኅበራችን ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ነው። መልስ ከዘገየ በድጋሚ ጻፍ፣ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ልጅህ ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ለእንዲህ ዓይነት ጭንቅ ወደተቋቋመው የስልክ መስመር 988 ደውል፣ አስተርጓሚ ጠይቅ። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ 911 ነው።